መዝለልም ትምህርት አለው

በዚህ እትም የማነሣው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከአውሮፕላን በፓራሹት ዘሎ መውረድን ስለሚማሩ ጀማሪዎች ነው። “ይህ ደግሞ ከቤተ ሰብ ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?” ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። የእናትን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ሁሉ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነውና።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ትውልዳቸው መንዝ፥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ልጃቸው አሜሪካ ከሄደ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እየሠራ ይማራል፥ ለእናቱም ይልካል። በቅርቡ በስልክ፥ “እማዬ፥ ከአውሮፕላን መዝለል ልማር ተመዝግቤአለሁ” አላቸው። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነበር። “ልከልክለው ወይ? ደግሞስ ፈጣሪን መፈታተን አይሆንበትም ወይ?” የመለስኩላቸውን አስፍቼ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ፤ ዛሬ በየቤታችን ልጁ ውጪ አገር ያለ ወላጅ ብዙ ነውና።

ከሰማይ የወረደው እህል

ከሰማይ ስለሚወርድ ነገር የጊሼ ሰው ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1985) ድርቁ ሰሜን ሸዋን ጭምር ባጠቃ ጊዜ፥ መኪና እንደ ልብ በማይደርስበት በራቤል ደጋ ላይ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል አውሮፕላኖች እህል ጥለዋል። በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ልጆች አድርሰዋል። እህሉ የወረደው በፓራሹት አልነበረም። ጆንያው በሌላ ጆንያ ውስጥ ይደረባል፤ አውሮፕላኖቹም ወደ መሬት እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ በኋላ በራቸው ይለቁታል። ውስጠኛው ጆንያ ቢቀደድ እንኳ ውጪኛው እህሉን ይዞ ይቀራል። ሕዝቡ ደግሞ ጆንያው ከሚወድቅበት ሜዳ ራቅ ብሎ እንዲቆም ይደረግ ነበር።

ለእህል ድርብ ጆንያ በቃው። እህል አይፈራም፤ አይሳሳትም፤ በሩ ላይ ሲደርስም ሐሳቡን አይለውጥም። ሰው ግን ይፈራል፥ ይደነግጣል፥ ይረሳል። ስለዚህ ሰው ከሰማይ ሊወርድ ሲፈልግ ከፓራሹቱ በፊት ትምህርት ያስፈልገዋል። ለእኚያ እናት መጀመሪያ የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው። ልጃቸው የተመዘገበው ለመውደቅ ሳይሆን ለትምህርት ነው፤ በአየር ላይ ከሚቆይባት ከእያንዳንዷ ደቂቃ በስተ ጀርባ መሬት ላይ የሚማርበት ረጅም ሰዓት አለ።

ገደል የሚያውቅ ሰው

የመንዝ፥ የጊሼና የመርሐቤቴ ሰው ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር ሰው ነው። የደጋው ልጅ ከብትና በግ መጠበቅ የሚጀምረው ሜዳ ላይ ነው። ከፍ ሲል ከታላቁ ጋር ወደ አፋፉ ይጠጋል። ሣሩ ሲረጥብ የሚያዳልጠው የቱ እንደ ሆነ፥ ጉም ድንገት ሲመጣ የት ቆሞ መጠበቅ እንዳለበት፥ በግ ወደ ገደል ቢወርድ ተከትሎ እንደማይወርድ ይማራል። ይህን የሚያስተምረው ሰው ሰሌዳ የለውም፤ ትምህርቱ ግን ሥርዓት አለው። ማንም እናት ልጇን በመጀመሪያው ቀን “ሂድና ገደሉ ጫፍ ላይ ጠብቅ” ብላ አትልከውም።

የጓሳን ጭላዳዎች ያያችሁም ታውቃላችሁ። ሌሊቱን በገደሉ እርከን ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ግልገሉ ግን በመጀመሪያ የሚወርደውና የሚወጣው በእናቱ ላይ ተጣብቆ ነው።

ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የተጓዘ ሰው ደግሞ የጀማን ቁልቁለት ያውቀዋል። ብልህ ሾፌር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው ከከነፈ በኋላ ማርሽ ልለውጥ የሚል፥ ፍሬኑም እስኪግል የሚጠብቅ ሾፌር ተሳፋሪውን ያስለቅሳል። ይህን የሾፌር ብልሃት ያዙልኝ፤ የዝላይ ትምህርት ዋና ነገሩ ይኸው ነው። በፍጥነት ውስጥ የሚያስፈልገው ውሳኔ ፍጥነቱ ሳይመጣ በፊት መወሰን አለበት።

ከፍታውን ለመገመት ያህል ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ዘላዮች ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላኑ የሚወጡት ከመሬት 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ነው። በጓሳ ተራራ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ባሕሩ ከእግራችሁ ሥር ቢሆን ብላችሁ አስቡ፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ከፍ በሉ።

ድፍረት ብቻውን አልበቃም

በፓራሹት መውረድ የትናንት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1797 አንድሬ ዣክ ጋርኔሬን የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ሰማይ ላይ ከፊኛ ተለይቶ በጨርቅ ፓራሹት ወረደ። ፓራሹቱ አናቱ ላይ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ስላልነበረው ቅርጫቱ ክፉኛ እየተወዛወዘ ነበር የወረደው፤ ሰውየው ግን በሕይወት መሬት ረገጠ። ከ2 ዓመት በኋላ፥ በ1799፥ ዣን ዠኔቪየቭ ላብሮስ የተባለች ሴት እንደ እርሱ ወረደች። እህቶቼ፥ በዚህም መንገድ ሴቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ነበሩ ልብ በሉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ አንድ የማይረሳ ታሪክ አለ። ሁበርት ጁሊያን የተባለ፥ በትሪኒዳድ የተወለደና በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር በፓራሹት ዝላዩ ስሙ የገነነ ጥቁር ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 አዲስ አበባ መጣ። በተፈሪ መኰንን ፊት ከአውሮፕላን ዘሎ በፓራሹት ወረደ። ንጉሡም ተደስተው የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጡት። ሕዝቡም ተደነቀ። ሆኖም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተከበረው የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ንጉሡ የሚወዷትን ትንሽ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሳት። እርሱ ቢተርፍም አውሮፕላኗ አልተረፈችም፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ጁሊያን ደፋር እንደ ነበረ ማንም አይጠራጠርም። ከድፍረት ጋር ሌላም ነገር እንደሚያስፈልግ ግን ያው ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የአገራችን ጦር የራሱ አየር ወለድ ክፍል ኖረው፤ ደብረ ዘይት፥ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፥ በአየር ወለዶቿ ታወቀች። ከእናንተም መካከል አባቱ ወይም አጎቱ አየር ወለድ የነበረ አይጠፋም። ወታደሩ በጅምላ ሲዘል ብዙ ጊዜ ፓራሹቱን የሚከፍትለት ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረ ገመድ ነው፤ ሰውየው ሲወጣ ገመዱ ይወጠርና ፓራሹቱን ከጀርባው ይስብለታል። ወታደር የሚዘለው ታዝዞ ነው። ለራሱ ፈቅዶ የሚማር ሲቪል ግን ማንም አያዝዘውም። ስለዚህ እርሱ መዝለልን ብቻ ሳይሆን አለመዝለልንም መማር አለበት፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

ጀማሪው ምን ይማራል?

ዛሬ ለጀማሪ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከአሠልጣኝ ጋር በአንድ ፓራሹት ተያይዞ መውረድ ነው፤ ተማሪው ፊት ለፊት፥ አሠልጣኙ ከጀርባው ይታሰራሉ። ብዙዎቹ ልጆቻችን በቪዲዮ የሚልኩልን ይህን ነው። ሁለተኛው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት በገመድ የሚከፈተው ነው። ሦስተኛው ኤ.ኤፍ.ኤፍ. ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደላት አጠራር የሚታወቀው ነው። በዚህኛው ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሱን ፓራሹት ይሸከማል። በመጀመሪያዎቹ ዝላዮች ሁለት አሠልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውት አብረው ይወርዳሉ፤ ቀጥሎ አንድ አሠልጣኝ ይሆናል፤ እያንዳንዱን ደረጃ ሲያልፍ ብቻውን ወደ መውረድ ይደርሳል። በአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ደንብ መሠረት የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 25 ዝላይ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ትምህርት ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ሁሉም መሬት ላይ ነው። ተማሪው አስቀድሞ የሰውነት አያያዝ ይማራል። ወገቡን ወደ መሬት ገፍቶ፥ ደረቱን አውጥቶ፥ እጅና እግሩን ዘርግቶ ወደ ኋላ መለስ ሲያደርግ አካሉ በሆዱ በኩል እንደ ጣባ ሥር ይጎብጣል። እንዲህ ሲሆን አየሩ እኩል ይይዘዋል፥ አይገለበጥም። ወንበርና ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሰውነቱ እስኪለምደው ድረስ ይደጋግመዋል።

ቀጥሎ የእጅ ምልክት ይማራል። አንድ ሰው በሆዱ ተዘርግቶ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በዚያ ንፋስ ውስጥ አሠልጣኙ ቢጮህ አይሰማም። ስለዚህ ለምሳሌ ሁለት ጣት ዘርግቶ ሲያሳየው “እግርህን ዘርጋ” ማለቱ ነው። ተማሪው በእጁ ላይ የታሰረ ከፍታ መለኪያም አለው። ፓራሹቱ ሳይከፈት የሚወርድበት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መለኪያውን ማየት አለበት። ጀማሪ አእምሮው በነገሩ ሁሉ ስለሚሞላ ቁጥሩን ማየት ይረሳል፤ አሠልጣኞቹም ስለዚህ ነው “ከፍታህን እይ” የሚለውን ምልክት አዘውትረው የሚያሳዩት። ከመሬት 1,600 ሜትር ገደማ ሲቀር ተማሪው ፓራሹቱን ይከፍታል። እርሱ ባይከፍት አሠልጣኙ ይከፍትለታል።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ችግር ሲመጣ የሚደረገው ነው። ፓራሹቱ ሲከፈት ተማሪው ቀና ብሎ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አለ ወይ? አራት ማዕዘን ሆኖ ተዘርግቷል ወይ? ስስበው ይታዘዝልኛል ወይ? ሦስቱም “አዎን” ከሆኑ መልካም። ካልሆኑ ግን ጀማሪው ከመሬት 760 ሜትር ገደማ ሳይደርስ ወስኖ መጨረስ አለበት። ከዚያ በታች ዋናውን ፓራሹት ለማስተካከል መታገል የለም። አንዱን እጀታ ስቦ ዋናውን ይጥለዋል፤ ሌላውን እጀታ ስቦ መጠባበቂያውን ይከፍታል። ይህን በጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ ቀበቶ ውስጥ ሆኖ፥ አሠልጣኙ የተበላሸ ፓራሹት ፎቶ ድንገት እያሳየው፥ እጁ ሳያመነታ እስኪሄድ ድረስ ይለማመዳል። በሰማይ ላይ ሆኖ “ምን ላድርግ?” ብሎ እንዳያስብ መሬት ላይ ሆኖ አስቦ ይጨርሳል። የጀማው ሾፌር ማርሹን አስቀድሞ እንደሚያስገባ ማለት ነው።

ይህም ሁሉ ቢረሳ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለ። ተማሪው ከተወሰነ ከፍታ በታች ገና በፍጥነት እየወረደ ከሆነ ይህች መሣሪያ መጠባበቂያውን ራሷ ትከፍተዋለች። ከእነዚህ መሣሪያዎች በጣም የታወቀው ሳይፕረስ የሚባለው ሲሆን በጀርመን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ ላይ ውሏል።

በመጨረሻም ማረፍ ይማራል። የዛሬው ፓራሹት እንደ ጥንቱ ክብ ጃንጥላ ሳይሆን አየር የሞላው ክንፍ ነው፤ ወደ ፊት ይሄዳል፥ ግራና ቀኝ ይታጠፋል። ጀማሪው የራስ ቁሩ ላይ ሬዲዮ ይደረግለትና መሬት ላይ ያለው አስተማሪ “ወደ ግራ፥ አሁን ቀጥ በል” እያለ ይመራዋል። ማረፍ ያለበት ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ነው። አውድማ ላይ ገብስ የሚያዘራ የመንዝ ገበሬ መንሹን ከማንሣቱ በፊት ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንደሚያይ ሁሉ ተማሪውም ከመሳፈሩ በፊት ንፋሱን ያያል። መሬት ሊነካ ሦስት ወይም አራት ሜትር ሲቀረው ሁለቱን የመሪ ገመዶች እኩል ወደ ታች ይስባል፤ አሞራ ሊያርፍ ሲል ክንፉን ዘርግቶ ራሱን እንደሚያቆም ክንፉ ፍጥነቱን ያበርደዋል። ካልተመቸው ደግሞ እግሮቹን ገጥሞ ወደ ጎን መንከባለልን ተምሯል።

የመንዝ ሰማይ ለጀማሪ አይመችም

ምናልባት ከእናንተ አንዱ ወጣት፥ “ታዲያ እዚሁ በደጋችን ለምን አይሆንም?” ይል ይሆናል። መልሱ አየሩ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፍን ያን ያህል አይሸከምም፤ ስለዚህ ያው ፓራሹት በመንዝ ሜዳ ላይ ይበልጥ ፈጥኖ ያርፋል። ደግሞም ከመሐል ሜዳ በላይ 4,000 ሜትር ለመውጣት ከባሕር ጠለል 7,000 ሜትር ያህል መድረስ ይጠይቃል፤ በዚያ ከፍታ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን አእምሮ ይደክማል። በገደሉ አፋፍ የሚነሣው የንፋስ ሽቅብና ቁልቁልም ለጀማሪ አይሆንም። የጀማሪዎች ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ በዝቅተኛና በሰፊ ሜዳ ላይ የሚገኙት ለዚህ ነው።

አደጋውን አንደብቀው

ለእናት የሚጠቅመው ማባበል ሳይሆን እውነቱ ነው። በዚህ ትምህርት ሰው ሊሞት ይችላል። ተማሪውም ከመጀመሩ በፊት ይህን አውቆ እንደ ገባ ወረቀት ላይ ይፈርማል። በአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር አሐዝ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያች አገር ከተደረገው 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላይ 10 ሰዎች ሞተዋል። በ1970ዎቹ በዓመት በአማካይ ከ40 በላይ ይሞቱ ነበር። ለውጡ የመጣው በመሣሪያና በትምህርት ነው። ከሞት ሌላ ደግሞ ቁርጭምጭሚትና እግር መሰበር አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማረፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችንን ያስገርመናል። እኛ የምንፈራው ፓራሹቱ አልከፈት ቢልስ ብለን ነው። ጥቂት የማይባሉት ሞቶች ግን የሚደርሱት ፓራሹቱ በደንብ ተከፍቶ ሳለ፥ መሬት አጠገብ፥ ፈጣን ትንሽ ክንፍ ይዘው በኃይል በሚታጠፉ ልምድ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ሰፊና ዝግተኛ ክንፍ ነው። አደጋው የሚያድገው ሰውየው “አሁንስ አውቄዋለሁ” ማለት ሲጀምር ነው። መኪና የሚነዳ፥ ዛፍ የሚቆርጥ፥ ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ ይህን ያውቃል።

አለመዝለልን መማር ያልኩትም እዚህ ላይ ይገባል። በአሜሪካ ደንብ ንፋሱ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ተማሪ አይዘልም። እንቅልፍ ያጣ፥ የታመመ፥ መጠጥ የቀመሰ መዝለል የለበትም። ደመና ሜዳውን ከሸፈነ ይቀራል። አውሮፕላኑ ላይ ወጥቶ፥ በሩ ተከፍቶ፥ እንኳ “ዛሬ ይቅርብኝ” ብሎ ከአውሮፕላኑ ጋር ተመልሶ የሚያርፍ ተማሪ አለ። ጥሩ ትምህርት ቤት በዚህ ተማሪ አይስቅበትም። የሚስቁበት ከሆነ ግን እዚያ ትምህርት ቤት ሁለተኛ መመለስ የለበትም።

መፈታተን ነውን?

የእኚያን እናት ሁለተኛ ጥያቄ ሳልመልስ ብቀር አንባቢዎቼ አይለቁኝም። ጌታችን በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ “ራስህን ወደ ታች ጣል፤ መላእክት ይይዙሃል” የሚል ሐሳብ ቀርቦለት እንዳልተቀበለው ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ የቀረበው ሐሳብ ያለ አንዳች ምክንያት ራስን ጥሎ ፈጣሪን “አድነኝ” ብሎ ማስገደድ ነበር። ተምሮ፥ መሣሪያውን መርምሮ፥ መጠባበቂያ ይዞ፥ ንፋሱ ሲከፋ ቀርቶ የሚዘል ሰው ከዚህ ይለያል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና ትምህርቱን ንቆ፥ “ምንም አልሆንም” ብሎ፥ ወይም ለጓደኛና ለካሜራ ብሎ የሚዘል ልጅ ራሱን ይመርምር። ሥራው አንድ ዓይነት ቢመስልም ልቡ ሁለት ነው።

ከመከልከል በፊት መጠየቅ

ውድ ወላጆች፥ ሃያ ዓመት ያለፈውንና ባሕር ማዶ ያለውን ልጅ በስልክ መከልከል ብዙ አይሠራም። የሚከለከል ልጅ መዝለሉን አይተውም፤ መንገሩን ይተዋል እንጂ። ያን ጊዜ እናት የምትሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ብትጠይቁት ይሻላል። ለዚህም የሚረዱ ጥቂት ጥያቄዎች እነሆ፦

“የሚያስተምርህ ማን ነው? ፈቃድ አለውን? ትምህርት ቤቱስ የታወቀ ማኅበር አባል ነውን?” በአሜሪካ በማኅበሩ ሥር ባሉ ትምህርት ቤቶች ከ18 ዓመት በታች ያለ አይዘልም።

“መጠባበቂያውን ፓራሹት ማን አጠፈው? መቼ?” በአሜሪካ ሕግ መጠባበቂያው ፈቃድ ባለው ባለሙያ በ180 ቀን ውስጥ ተመርምሮ መታጠፍ አለበት። ልጃችሁ ይህን ካላወቀ ገና አልተማረም ማለት ነው።

“ፓራሹትህ ቢበላሽ በየትኛው ከፍታ ትወስናለህ? በየትኛው እጅህ ምን ትስባለህ?” ይህን ሳያመነታ መመለስ አለበት። እናንተ መልሱን ባታውቁት እንኳ ማመንታቱን ትሰማላችሁ።

“የማትዘለው መቼ ነው?” ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። “እኔ ሁልጊዜ እዘላለሁ” የሚል ልጅ ገና አደገኛ ተማሪ ነው። “ንፋሱ ሲበረታ፥ ሲደክመኝ፥ ልቤ ሲሸፍት እቀራለሁ” የሚል ልጅ ግን ትምህርቱ ገብቶታል።

“ገንዘቡስ?” እስከ ፈቃዱ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ዶላር በላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱ ዝላይ ይከፈልበታል። ከራሱ የተረፈውን ማውጣቱ ለእርሱ የተተወ ነው። የታናሽ እህቱ የትምህርት ክፍያ ወይም የቤቱ ኪራይ የሚቆምበት ከሆነ ግን ይህን በግልጽ ንገሩት። የሕይወት መድን ካለውም መድኑ እንዲህ ያለውን ነገር ይሸፍን እንደ ሆነ ያጣራ፤ ብዙ ውሎች አይሸፍኑምና።

እናንተ ወጣቶችም ስሙኝ። ለእናት መንገር ፈቃድ ለመለመን ብቻ አይደለም። የምትዘሉበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ስታርፉም ቪዲዮውን ለጓደኛ ከመላካችሁ በፊት ለእርሷ ደውሉ። መሐል ሜዳ ያለች እናት የሰዓቱን ልዩነት ቆጥራ፥ ባናዋን ደርባ፥ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነው የምትጠብቀው። በሩ ላይ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁም ይህንኑ ንገሯት፤ ያን ቀን ከሁሉ ይልቅ ትኮራባችኋለች።

ያን ቀን ሲደውሉ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ እናንተ ወላጆችም ከአሁኑ አስቡበት። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ እንደ ልማዳችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው እትም በደህና ያገናኘን።